ሽምደዳው የማን ነው?

«የቆሎ ተማሪ ይሸመድዳል እንጂ አያስብም» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ እስቲ አንዴ ቅኔ ቤት ደጃፍ ቁሙ! ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ ተማሪው ግሱንና አገባቡን ያጠናል፤ ከዚያ ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ተቀኝቶ የኔታ ዘንድ ይቆጥራል። የባልንጀራውን ቢሰርቅ መሣቂያ ነው። እኛስ? የመምህሩን ማስታወሻ ገልብጠን ፈተና ላይ እንተፋና «ተመራመርን» እንላለን። ወይ ጉድ!

ሊቃውንቱም ግን አያመልጡም። አንድምታ ግእዙን በአማርኛ «አንድም» እያለ የሚያፍታታ ትምህርት ነው። ታትሞም ይሸጣል። ታዲያ ፊደል ላልቆጠረች ባልቴት መጽሐፍ ምኗ ነው? «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል ቁራሿን አኩፋዳው ውስጥ የጣለች እሷ ናት፤ ሊቁ የተማረው በእሷ እንጀራ ነው። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ጥላ ሥር አስቀምጦ የዕለቱን ወንጌል ካላፍታታላት፣ እውቀቱ ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

እኛም በድሃ ግብር የምንማር ነንና ከዕዳው ነፃ አይደለንም። የተማረ ሁሉ ያበላውን ያስተምር!