ዳኛችን ካርድ እንጂ ጠመንጃ አይሁን

የተከበርከው የኢትዮጵያ ሕዝብ!

በመከላከያ ሠራዊት ጉዳይ ያለንን አቋም ከመዘርዘራችን በፊት የአንድ ጄኔራል ሕይወት ልናስታውስህ እንወዳለን። አቋማችን ከዚህ ታሪክ የተቀዳ ነውና።

ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም በ1916 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ከኤርትራውያን ቤተሰብ ተወለዱ። ወታደርነትን ሙያቸው አድርገው እስከ ክፍለ ጦር አዛዥነት ደረሱ። በ1956 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር ጦርነት በተነሳ ጊዜ መቀመጫውን ሐረር ያደረገውን 3ኛ ክፍለ ጦር መርተው አገራቸውን ተከላከሉ። ወታደሩም «የበረሃው አንበሳ» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ከጦር አዛዥነታቸው ተነስተው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ሆኑ። የፖለቲካ ሕይወታቸው በዚህ ተጀመረ። ነገር ግን የዚያን ምክር ቤት አባላት የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም።

የ1966ቱ አብዮት ሲፈነዳ ወታደሩ የሚያከብረውን ሰው ፈለገ። ጄኔራል አማን በመጀመሪያ ኤታ ማዦር ሹም፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በወረዱበት በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የደርጉ ሊቀመንበር ተባሉ። እሳቸው ግን ከየጦር ክፍሉ ተወክለው ከመጡት ከመቶ በላይ የደርግ አባላት አንዱ አልነበሩም። ወንበሩ የእሳቸው፣ ሥልጣኑ የሌሎች ነበር።

ልዩነቱ ለመከሰት ጊዜ አልፈጀበትም። ጄኔራሉ የኤርትራ ጉዳይ በሰላም እንዲፈታ ፈለጉ፤ ወደዚያም ተጉዘው ሕዝቡን አነጋገሩ። ተጨማሪ ጦር መላክንም ሆነ የታሰሩ ባለሥልጣናትን ያለ ፍርድ መግደልን ተቃወሙ። ሐሳባቸው ተሸነፈ፤ ከሥራቸው ርቀውም ቤታቸው ተቀመጡ። በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ቤታቸው በጦር ተከቦ፣ በተከፈተው ተኩስ ሕይወታቸው አለፈ። በዚያችው ሌሊት የቀድሞዎቹ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኮንን የሚገኙባቸው ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። «ያለ ምንም ደም» የተባለለት ለውጥ ሦስት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር።

ወገኖቻችን! ይህን የምናነሳው ጄኔራሉን እንከን የለሽ አድርገን ለማቅረብ አይደለም። እሳቸውም ወደ ሥልጣን የወጡት በሕዝብ ድምፅ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱን ያገደው፣ ፓርላማውን የበተነው፣ ሰላማዊ ሰልፍና አድማ የከለከለው አዋጅ የወጣው እሳቸው በሊቀመንበርነት በተሰየሙበት ዕለት ነው። እሳቸውና ደርጉ ሲጣሉ ታዲያ ማን ይዳኛቸው? ፓርላማው ተበትኗል፤ ሕዝቡ አልተጠየቀም፤ ጋዜጣው አፉ ተለጉሟል። የቀረው ዳኛ ታንክ ብቻ ነበር። በእግራቸው የተተኩት ብርጋዴር ጄኔራል ተፈሪ በንቲም በጥር 1969 ዓ.ም. በራሳቸው ባልደረቦች ተገደሉ። በጠመንጃ የመጣ ሥልጣን ባለቤቱንም አያምን፤ ሕዝቡም ያንን መንግሥት 17 ዓመት ተሸከመው።

ስለዚህ አቋማችን የማያሻማ ነው። ወታደር የነበረ ሰው ፖለቲከኛ መሆን መብቱ ነው። የጦር ሜዳ ልምዱም ለአገር ይጠቅማል። ግን መለዮውን አውልቆ፣ እንደ ማንኛውም ዜጋ በሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ድምፅ ለምኖ ይምጣ። ሠራዊቱ በበኩሉ የአገር እንጂ የፓርቲ አይሁን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ተግባሩን ከፖለቲካ ድርጅት ወገናዊነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ደንግጓል። እኛ የምንጠይቀው ይህ ቃል በሥራ እንዲታይ ነው። ብንመረጥ እናከብረዋለን፤ ብንሸነፍም ወንበሩን ላሸነፈው በሰላም እንለቃለን። ይህን ቃል የማይገባ ማንኛውም ፓርቲ፣ እኛንም ጨምሮ፣ ድምፅህ አይገባውም።

በሠራዊቱ ውስጥ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሆይ! እናንተም እንደኛው መራጮች ናችሁ። ጠመንጃችሁ ድንበር ይጠብቅ፤ አገሪቱን ማን ይምራ ለሚለው ጥያቄ ግን መልሳችሁ እንደ ሁላችንም አንድ የምርጫ ካርድ ይሁን።

የሥልጣን ምንጭ ሕዝብ ነው!
ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!