የድሬዳዋ ሰማይና የደቻቱ አሸዋ

ሰኔ ወደ ሐምሌ ሲያዘነብል የድሬዳዋ አየር በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ ጠባይ ያሳየናል። ሰኞ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማክሰኞ ነፋሱ አቧራ ያስነሣል፤ ረቡዕ ደመናው ከብዶ ሳለ ጠብታ ሳይጥል ያልፋል። እኛም ቀና ብለን «ዛሬስ ደኅና ነው» እንላለን።

ነገር ግን ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ፥ አሸዋው ደረቅ ሆኖ ሳለ፥ በስተደቡብ ተራሮች በዘነበ ዝናም በድንገት ይሞላል። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የወረደው ጎርፍ ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ወሰደ፤ ብዙዎቹም ተኝተው ነበር።

ስለዚህ፥ ውድ አንባብያን ሆይ፥ ማታ ልጆቻችንን ከማስተኛታችን አስቀድመን ወደ ደንገጎ ወገን እንመልከት። በዚያ መብረቁ ከበዛ፥ ራሳችንን ከወንዙ ዳር ከማራቃችን ጋራ የጎረቤታችንንም በር እናንኳኳ። ጎርፉ ባይመጣ የምናጣው የአንድ ሌሊት እንቅልፍ ብቻ ነው።