«ስንት ነው?» እና «በምን ታወቀ?»

በቴሌቪዥን በሚቀርቡ የጥያቄና መልስ ውድድሮች ስፖርት ሁልጊዜ ሰፊ ቦታ አለው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መልሱ አጭር ነው፣ አያከራክርም፣ ተመልካቹም ቤቱ ተቀምጦ ከተወዳዳሪው ቀድሞ ሊመልሰው ይችላል። አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በስንት ሰዓት ፈጸመ? በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ጭብጨባ ይከተላል፤ ነጥቡ ይመዘገባል፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል። እኛም ይህን ትዕይንት በደስታ ከሚከታተሉት ወገን ነን። ቅር የሚለን ሁለተኛው ጥያቄ ሳይጠየቅ መቅረቱ ነው፦ ይህ ቁጥር በምን ታወቀ?

ነገሩን በዚሁ በሮም ውድድር እንመልከተው። ውድድሩ የተካሄደው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ማለትም እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ነበር። (በነገራችን ላይ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ተብሎ ቢጠየቅ 1952ም 1960ም ትክክል ናቸው፤ ጠያቂው የትኛውን አቆጣጠር እንደያዘ ካልተናገረ ተወዳዳሪው ነጥብ የሚያገኘው በዕድል ነው።) ከዚያ በፊት የነበረው የዓለም ፈጣን ሰዓት የሶቪየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ እ.ኤ.አ. በ1958 በስቶክሆልም ያስመዘገበው 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ነው። የሁለቱ ልዩነት አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

እስቲ ጥቂት እናስላ። ማራቶን 42,195 ሜትር ነው፤ አበበ በአማካይ በየሰከንዱ 5.2 ሜትር ያህል ሮጧል። ጎዳናው ሲለካ ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ስሕተት ቢፈጠር 42 ሜትር ይሆናል፤ ይህን ለመሮጥ ደግሞ 8 ሰከንድ ይፈጃል። እንግዲህ የምናወዳድረው ልዩነት፣ ርቀቱን በመለካት ከሚፈጠር ጥቃቅን ስሕተት በእጅጉ ያነሰ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ከአበበ ድል ቅንጣት አይቀንስም፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ሁሉንም መቅደሙን ለማወቅ ሜትርም ሰዓትም አያስፈልግም። የሁለት ከተሞችን ሰዓት ማወዳደር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን እስከ 2003 መጨረሻ ድረስ በማራቶን «የዓለም ምርጥ ሰዓት» እንጂ «ክብረ ወሰን» ሳይል የቆየው፣ ጎዳናዎች እንደ መሮጫ መም አንድ ዓይነት ስላልሆኑ ነው።

በመም ላይም ቢሆን ቁጥር ዝም ብሎ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2006 ጀስቲን ጋትሊን ዶሃ ላይ 100 ሜትርን በ9.76 ሰከንድ ሮጦ ክብረ ወሰን ሰበረ ተባለ። ከቀናት በኋላ ግን የተለካው 9.766 እንደነበረና በደንቡ መሠረት ወደ ላይ ተጠጋግቶ 9.77 መሆን እንዳለበት ተገለጸ፤ መስበሩ ቀርቶ ከአሳፋ ፓውል ጋር መጋራት ሆነ። (በኋላም በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት ይኸው ውጤት ተሰርዟል።)

ይህን ሁሉ የምናነሳው ልማዱ እስከ ቤተ ሙከራ ድረስ ተከትሎን ስለሚመጣ ነው። የምድር ስበት የሚወድቅን ነገር ፍጥነት በየሰከንዱ በስንት እንደሚጨምር ተማሪዎቻችንን ብንጠይቅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «9.8» ይላሉ። በፔንዱለም ለክተው 9.6 ሲያገኙ ግን ብዙዎቹ የሚያርሙት ሪፖርታቸውን ነው፤ ቁጥሩ ከመጽሐፉ ጋር እስኪገጥም ድረስ ይነካካል። አዲስ አበባ ላይ እውነተኛው ዋጋ ራሱ ወደ 9.77 የሚጠጋ ነው። የለካውን በትክክል ጽፎ፣ ከጎኑም የስሕተቱን ወሰን ያስቀመጠ ተማሪ ሲያጋጥመን ደስታችን ወሰን የለውም፤ የሚያጋጥመን ግን ከስንት አንዴ ነው።

የዝግጅቱ ባለቤቶች «ጊዜያችን አጭር ነው፤ አንድ ቁርጥ ያለ መልስ ያስፈልገናል» ሊሉ ይችላሉ። ተገቢ ነው። ነገር ግን «የማራቶን ጎዳና ርዝመት በምን ይለካል?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንዲት ቃል ናት፦ በብስክሌት። ለኪዎቹ በመጀመሪያ ብስክሌቱን አስቀድሞ በተለካ ርቀት ላይ ነድተው መንኮራኩሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጥራሉ፤ ከዚያም ጎዳናውን ይነዱታል። ሥራው ካበቃ በኋላም ያንኑ ፍተሻ ይደግሙታል፤ ፀሐይ ሲከር ጎማው ውስጥ ያለው አየር ግፊቱ ስለሚጨምርና የመንኮራኩሩ ዙሪያ በመጠኑ ስለሚሰፋ ነው። ታዲያ ፍተሻው በማለዳ ብርድ ብቻ ተደርጎ ጎዳናው በቀትር ቢለካ፣ ሯጮቹ የሚሮጡት ከ42,195 ሜትር ይበልጣል ወይስ ያንሳል?