ቀለሙን የማያውቅ ጸሐፊ፦ የባዶ ዲስክ ምርጫና በላስታ የቤት ቅጂዎች ዕድሜ

በየዓመቱ በገና በዓል የላሊበላ ካህናት በቤተ ማርያም ግቢ በሁለት ወገን ተከፍለው «ቤዛ ኩሉ» ይላሉ። ግማሾቹ ግቢውን በሚከበው የዓለት ጠርዝ ላይ የመላእክትን፣ ግማሾቹ ከታች የእረኞችን ምሳሌ ይዘው ዜማውን ይቀባበላሉ። ሥርዓቱ ራሱ በሕያዋን አንደበት ስለሚኖር ማንም መሣሪያ አያሻውም። ሆኖም የአንድ ዓመት የአንድ መምህር ድምፅ ከተሰማ በኋላ የሚቀረው በቅጂ ብቻ ነው። በላስታ ደጋ ይህ ቅጂ ለብዙ ጊዜ በካሴት፣ ቀጥሎም በሲዲ፣ በቪሲዲና በዲቪዲ ተይዞ ኖሯል። የሠርግ፣ የክርስትናና የተዝካር ምስሎች፣ ያረፉ ወላጆች ምክር፣ የአረጋውያን የዜማ መምህራን ድምፅ ዛሬም በየቤቱ ሣጥን ውስጥ በዲስክ ተቀምጠው ይገኛሉ።

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። ባዶ ዲስክ መምረጥ ከጽሕፈት መሣሪያ ግዢ ጋር የሚደመር ተራ ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው፤ ምርጫው የቅርስ ጥበቃ የመጀመሪያ እርምጃ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ዕውቀት ለላስታ ሰው ባዕድ አይደለም፤ በብራና ጸሐፊዎች ዘንድ ለዘመናት የኖረ ነውና።

ዲስክም በቀለም ይጻፍበታል

በፋብሪካ ታትሞ የሚሸጥ የመዝሙር ሲዲ እና በቤት ወይም በፎቶ ቤት የሚቀረጽ ሲዲ ሲታዩ ቢመሳሰሉም በአሠራር ይለያያሉ። የመጀመሪያው መረጃውን የሚይዘው በፕላስቲኩ ላይ በማተሚያ በተቀረጹ ጥቃቅን ጎድጓዶች ነው። ሁለተኛው ግን በስስ የኦርጋኒክ ቀለም ንጣፍ የተለበጠ ሲሆን፣ የመቅረጫው ጨረር ቀለሙን እያሞቀ ነጥብ በነጥብ ይለውጠዋል። ስለዚህ ባዶ ዲስክ የሚገዛ ሰው በእርግጥ የሚገዛው ቀለም ነው።

ቁም ጸሐፊ ይህን ነገር ይረዳዋል። ፍየሏ የከሳች ወይም ቆዳው በቢላ የተወጋ ከሆነ ብራናው እንደማይሆን ያውቃል፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት አዘጋጅቶ ለረጅም ጊዜ ያሳድረዋል። ጥላሸት ካርቦን ነውና ብርሃን አያደበዝዘውም። የዲስክ ቀለም ግን በፀሐይ፣ በሙቀትና በእርጥበት ይፈርሳል። በአንድ ደብር የብዙ መቶ ዓመት መጽሐፍ ሲነበብ፣ በአጠገቡ ባለ ቤት የጥቂት ዓመታት ቅጂ «ዲስክ የለም» የሚል መልስ የሚሰጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በምን ይመረጥ?

ሲዲ-አር የተባለው ደረጃ በፊሊፕስና በሶኒ እ.ኤ.አ. በ1988 ከወጣ ወዲህ ሦስት የቀለም ዓይነቶች በስፋት አገልግለዋል፦ ሳያኒን፣ ፍታሎሳያኒን እና አዞ። ከእነዚህ ሳያኒን ለብርሃን ይበልጥ ስስ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት የንጽጽር ጥናት፣ ከተፈተኑት ሲዲዎች መካከል ፍታሎሳያኒን ቀለም ያላቸው የተሻለ ጽናት አሳይተዋል። አንጸባራቂው ንጣፍም ለውጥ ያመጣል፤ ብር በአየር ውስጥ ባለ ድኝ ሲበላሽ ወርቅ ግን አይዝግም።

ገዢው ብዙ ጊዜ የሚታለለው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው መልክ ነው፤ ጥቁር ወይም ባለ ደማቅ ቀለም ፕላስቲክ የዲስኩን ጥራት አይናገርም። ሁለተኛው በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ስም ነው። ስሙን የያዘው ድርጅትና ዲስኩን የሠራው ፋብሪካ አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ከምርጦቹ ይቆጠር የነበረው የጃፓኑ ታይዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ከዚህ ሥራ ወጥቷል፤ ስለዚህ የትናንት ዝና ለዛሬው እሽግ ዋስትና አይሆንም። እውነተኛውን ሠሪ የሚያሳየው በዲስኩ ውስጥ አስቀድሞ የተቀረጸው መለያ ሲሆን፣ ይህንንም በነፃ የሚገኙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ያነባሉ። ፎቶ ቤቶች ሃምሳ ፍሬ እሽግ ከመግዛታቸው በፊት አንድ ፍሬ ወስደው መለያውን ቢያነቡ፣ ቀርጸውም በሦስት የተለያዩ ማጫወቻዎች ቢሞክሩ ከብዙ ኪሳራ ይድናሉ።

ለማጫወቻ ተስማሚነት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበት ዲስክ ይመረጣል። እየተሰረዘ የሚጻፍበት ሲዲ ብርሃንን የሚመልሰው እጅግ በጥቂቱ በመሆኑ የቆዩ ማጫወቻዎች አያዩትም። 700 ሜጋባይት የሚይዝ ሲዲ 80 ደቂቃ ድምፅ ይበቃዋል፤ 4.7 ጊጋባይት የሚይዝ ባለ አንድ ንጣፍ ዲቪዲም ለአንድ የሠርግ ፊልም ያንሳል አይባልም። ይልቁንም ባለ ሁለት ንጣፉ 8.5 ጊጋባይት ዲቪዲ በቆዩ ማጫወቻዎች ላይ የበለጠ ያስቸግራል። ዲቪዲ በሁለት የፕላስቲክ ገጾች መካከል ቀለሙን ስለሚይዝ ከላይ በኩል ሲጫር ከሲዲ ይሻላል፤ ሲዲ ግን በጽሑፍ በኩል የሚሸፍነው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ሰዎች የሚያብረቀርቀውን ገጽ ሲጠብቁ ይበልጥ ተጎጂ የሆነውን ጀርባ በስክርቢቶ የሚወጉት ይህን ባለማወቅ ነው።

አቀራረጽና አቀማመጥ

ጥሩ ዲስክ በክፉ አቀራረጽ ይባክናል። መቅረጫው በሚችለው የመጨረሻ ፍጥነት መሥራት ስሕተትን ያበዛል፤ እጅግ ዝቅተኛ ፍጥነትም ለፈጣን በተሠራ ዲስክ ላይ አይበጅም። እስከ 52 እጥፍ የሚቀበል ሲዲ በ16 ወይም በ24 እጥፍ፣ እስከ 16 እጥፍ የሚቀበል ዲቪዲ በ8 እጥፍ ቢቀረጽ መካከለኛውን መንገድ ይይዛል። ከዚያም ዲስኩ መዘጋት አለበት፤ ያልተዘጋ ዲስክ በቀረጸው ኮምፒዩተር ቢከፈትም በሳሎን ማጫወቻ አይከፈትም። በመጨረሻም ፕሮግራሙ የተጻፈውን ከምንጩ ጋር እንዲያመሳክር ማዘዝ ያስፈልጋል። ጸሐፊ የጻፈውን ሳያርም መጽሐፉን አይጠርዝምና።

መብራት በሚቆራረጥበት አገር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በቅረጻ መካከል ኃይል ሲቋረጥ አንድ ጊዜ የሚጻፍበት ዲስክ ይጠፋል፤ ስለዚህ ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ መሥራት ይመረጣል።

የላስታ አየር ለዲስክ ወዳጅም ጠላትም ነው። ላሊበላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ቅዝቃዜዋ ከቆላ ሙቀት ይሻላል። ነገር ግን የደጋ ፀሐይ ብርቱ ናት፤ በመስኮት ጫፍ ወይም በመኪና ውስጥ የተተወ ዲስክ ቀለሙ ይሳሳል። የምድጃ ጭስ፣ የዕጣን ጢስና የበጋ አቧራ በገጹ ላይ ይጋገራሉ። ስለዚህ ዲስክ በግል ማኅደሩ፣ እንደ መጽሐፍ ቆሞ፣ በጨለማ ሣጥን ይቀመጥ። የሚጣበቅ ወረቀት አይለጠፍበት፤ ጽሑፍ ካስፈለገ በውኃ በተበጠበጠ ቀለም በመካከለኛው ጥርት ያለ ቀለበት ላይ ይጻፍ። ሲወለወልም ከመካከል ወደ ዳር በቀጥታ እንጂ በክብ አይሁን፤ የክብ ጭረት በአንድ መስመር የተጻፈውን መረጃ ተከትሎ ያጠፋልና።

«የዲስክ ዘመን አልፏል» ለሚሉ

ይህ ክርክር ከፊሉ እውነት ነው። አዳዲስ ኮምፒዩተሮች የዲስክ ማንበቢያ የላቸውም፤ ስልክና ፍላሽ በየእጁ ገብተዋል። የድምፅ ቤተ መዛግብት ባለሙያዎችም ዲስክ ብቸኛ ማስቀመጫ እንዳይሆን ያስጠነቅቃሉ፤ ይህ ምክር መከበር አለበት። ነገር ግን ፍላሽ በቫይረስ ይጠቃል፣ በስሕተት ይሰረዛል፤ ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል። አንድ ጊዜ የተጻፈ ዲስክ ግን ማንም ሊሰርዝበትም ሊቀይርበትም አይችልም። ስለዚህ ተገቢው ጥያቄ «ዲስክ ወይስ ፍላሽ» የሚል አይሆንም፤ «ስንት ቅጂ፣ በስንት ቦታ» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ አገሪቱ ራሷ ምስክር አላት። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ ሲያነሣ ቅጂዎቹን በአዲስ አበባም በአሜሪካ ሚኒሶታም አኑሯል። ላሊበላ በ2013 ዓ.ም. ክረምት በጦርነት ስትያዝ መብራትና ስልክ ተቋርጦባት ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ቤተሰብ ምንም እንደሌለው ይቆጠራል፤ ሁለተኛውን በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ካለ ዘመድ ዘንድ ያኖረ ግን ይጽናናል።

ማጠቃለያ

የሚመከረው ሥራ ከባድ አይደለም። የላስታ ቤተሰቦችና የዜማ ቤቶች በእጃቸው ያሉትን የቆዩ ዲስኮች፣ ገና በሚነበቡበት ጊዜ፣ ወደ ኮምፒዩተር ያውጡ፤ በተፈተነ ባዶ ዲስክ ላይ አንድ፣ በሌላ ዓይነት ማስቀመጫ ላይ ሌላ ቅጂ አዘጋጅተው በሁለት ቦታ ያኑሩ፤ በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱም ከፍተው ይመርምሩ። በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎችና የባህል ጽሕፈት ቤቶች የዲስክ መፈተሻና ማውጫ አገልግሎት ቢሰጡ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን የማይተካ ነው። ብራናው በየዘመኑ እየተገለበጠ ደርሷል፤ ድምፁም የሚደርሰው የሚገለብጠው ሲያገኝ ብቻ ነው። ለመገልበጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚነበብ ቅጂ መኖር አለበት፤ የዚያ ቅጂ ዕድሜ የሚወሰነው ባዶው ዲስክ በሱቅ መደርደሪያ ላይ በሚመረጥበት ቅጽበት ነው።