ለቀብር ብቻ ለምን?

«ገበሬው የመድን ነገር አይገባውም» ሲባል እንሰማለን። እኛ እጩ መምህራን ግን በዚህ አባባል አንስማማም። የእድር መዋጮውን በየወሩ ሳያጓድል የሚከፍል ሰው፣ ብዙዎች ጥቂት ጥቂት አዋጥተው ችግር የደረሰበትን መርዳት ምን እንደሆነ ያውቃል እኮ! ጉድለቱ ሌላ ነው። እድር በአብዛኛው የሚደርሰው ለሞት ነው፤ ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ግን ለመታከሚያ በሬው ይሸጣል። በሬው ከተሸጠ ማሳው ጦም ያድራል፤ ልጁም ከትምህርት ገበታው ይቀራል።

ይህን ለማቃለል የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ ይከፍላሉ፤ መክፈል እንደማይችል ለተለየ ድኻ ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑለታል። አሠራሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን የአባልነት ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ሄዶ «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ» የተባለ ሰው በዓመቱ ለምን ብሎ ያድሳል? እድር የሚታመነው እኮ ድንኳኑ በሰዓቱ ስለሚተከል ነው።

ስለዚህ መዋጮው እህል በሚሸጥበት በጥርና በየካቲት ይሰብሰብ፤ መድኃኒቱም ከመዋጮው ቀድሞ ይገኝ። ነገ ወደ ገጠር ት/ቤቶች የምንመደበው እኛም ስለ መድን ስንጠየቅ፣ ሕዝቡ ከሚያውቀው ከእድሩ ተነስተን እናስረዳ።