ዋስ ይጠራል እንጂ አይገዛም

ስለ ዲቪ በግቢያችን የሚወራው ሁሉ ስለ ዕድል ነው። «ለእገሌ ደረሰው» ይባላል፤ እልል ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ግን የሚናገር አይገኝም። ዕጣው ደርሷቸው ሳይሄዱ የቀሩት ወንድሞችና እህቶች ነገሩን ጠንቅቀው ያውቁታል። ነገር ግን ገንዘብ ማጣት እንደ ነውር ስለሚቆጠር ዝምታን ይመርጣሉ። ዝምታቸውም የደላላ ሲሳይ ሆኗል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የተማሪዎች ኅብረታችን ይህን ዝምታ እንዲሰብር ማሳሰብ ነው።

በመጀመሪያ ደንቡን እንመልከት። የዲቪ ዕጣ የተፈጠረው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣችው ሕግ ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ከ1995 የበጀት ዓመት ጀምሮ ነው። ዕጣው የወጣለት ሰው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረሱን ወይም ሕጉ የሚቀበለውን የሥራ ልምድ ማሳየት አለበት። ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲ በቃለ መጠይቅ ላይ የሚጠብቀው ከባድ ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ይኸውም «አገራችን ብትገባ በመንግሥት ላይ ሸክም አለመሆንህን በምን እንወቅ?» የሚል ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። የራስ ገንዘብና ንብረት፣ ዕድሜና ጤና፣ ትምህርትና ሙያ፣ ከዚያ አገር የተገኘ የሥራ ደብዳቤ፣ በዚያ የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ የሚሞላው የስፖንሰር ቅጽ ሁሉም ይመዘናሉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ባል ለሚስቱ፣ ልጅ ለእናቱ በሚያመለክትበት በቤተሰብ ቪዛ የሚሞላው አይ-864 የሚባለው ቅጽ ነው። ይህ በሕግ የሚያስገድድ ውል ነው፤ ፈራሚው የመጣው ሰው ዜግነት እስኪያገኝ ወይም አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ እስኪቆጠርለት ድረስ ተጠያቂ ይሆናል። ገቢውም አሜሪካ በየዓመቱ ከምታወጣው የድህነት ወለል በመቶ 25 መብለጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሠንጠረዥ ይህ ለሁለት ሰው ቤተሰብ 26,437 ዶላር፣ ለአምስት ሰው ደግሞ 47,062 ዶላር ነበር። የአመልካቹ ገቢ ካልበቃ ሌላ ሰው በጋራ እንዲፈርም ሕጉ ይፈቅዳል። ለዲቪ የሚሞላው ግን አይ-134 የሚባለው ነው። እርሱ እንደ መጀመሪያው አስገዳጅ ውል አይደለም። እንግዲህ ዋሽንግተን ያለ የአጎት ልጅ «ብፈርምልህ በፍርድ ቤት እከሰሳለሁ» ብሎ ቢፈራ፣ ብዙ ጊዜ የሚፈራው ያልተጠየቀውን ቅጽ ነው ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሒሳቡ እንምጣ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው የደመወዝ ማሻሻያ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በወር 11,500 ብር ሆኗል። ከእኛ መካከል ነገ ተመርቆ አንኮበር ወረዳ የሚያስተምር ሰው የሚያገኘው ይህን የመሰለ ደመወዝ ነው። ለዲቪ ቃለ መጠይቅ የሚከፈለው 330 ዶላር ነው፤ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት ይህ ገንዘብ በባንክ ዋጋ 19,000 ብር ያህል ነበር። አንዱን ዶላር በ150 ብር ብናስበው ግን 49,500 ብር፣ ማለትም ያልተቆረጠለት የአራት ወር ደመወዝ ከነትርፉ ይሆናል። ባል፣ ሚስትና አንድ ልጅ ከሆኑ 148,500 ብር ነው፤ ይህም ከመምህሩ የዓመት ደመወዝ ይበልጣል። የሕክምና ምርመራው፣ ፓስፖርቱ፣ የትርጉም ሥራውና የአውሮፕላኑ ቲኬት ገና አልተነሡም።

የድህነት ወለል የተባለውንም እናስላው። እ.ኤ.አ. በ2025 ለአንድ ሰው 15,650 ዶላር ነበር። በዚያው ሒሳብ 2,347,500 ብር መሆኑ ነው። ጀማሪው መምህር ሳይበላና ሳይለብስ ቢያጠራቅም አሥራ ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። ቪዛው ግን የበጀት ዓመቱ ከሚዘጋበት ከመስከረም መጨረሻ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር አያልፍም። ስለዚህ ከሰሜን ሸዋ የሚነሣ የገበሬ ልጅ ይህን ጥያቄ በራሱ ኪስ ሊመልስ አይችልም። የሚመልሰው በሰው ብቻ ነው።

ደላላውም የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። አሠራሩ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ፎርም ሞልቶ የማረጋገጫ ቁጥሩን ለራሱ የሚያስቀር ነው። ዕጣው ሲወጣ ባለቤቱን በገዛ ዕድሉ ላይ ዋጋ ያስከፍለዋል። ሁለተኛው ለጥቂት ቀን በባንክ ደብተር ገንዘብ አስገብቶ፣ የሒሳብ መግለጫ አስወጥቶ፣ ገንዘቡን ከነወለዱ መልሶ የሚወስድ ነው። ሦስተኛው ወጪውን ሁሉ እከፍላለሁ ብሎ ያልተጋባ ሰው በባልነት ወይም በሚስትነት የሚያስገባ ነው። በነዚህ መንገዶች የሄደ ሰው አውቆ ሐሰት ማቅረቡ ከታወቀበት ለዕድሜ ልክ ከቪዛ ሊታገድ ይችላል። ደላላው ግን አይታገድም፤ ወደሚቀጥለው ባለዕጣ ይሄዳል። አንኮበር ላይ ባሕር ዛፉን ያስቆረጠው፣ በጎቹን ደብረ ብርሃን ገበያ አውጥቶ የሸጠው አባት ከነዕዳው ይቀራል።

«አሜሪካ ይህን መጠየቋ ራሱ ግፍ ነው» የሚሉ አሉ። አገር ያለው ሁሉ በሩን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት የላከው ሻምበል ሐሪስ ወደ አንኮበር የዘለቀው በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፈቃድ እንጂ በራሱ ሥልጣን አልነበረም። የእኔ ቅሬታ ጥያቄው መጠየቁ አይደለም። ቅሬታዬ ጥያቄው ትጉሁን ከሰነፉ ሳይሆን ዘመድ ያለውን ዘመድ ከሌለው የሚለይ በመሆኑ ነው። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ዶርም አድረው፣ በአንድ ውጤት ተመርቀው፣ አንዱ አትላንታ አክስት ስላለችው ያልፋል፤ ሌላው ይወድቃል። ይህን ልዩነት ሕጉን ከዚህ ሆነን በመንቀፍ አናጠበውም። ልናጠበው የምንችለው የሌለውን ሰው ሰው እንዲኖረው በማድረግ ነው።

ነገሩም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአባቶቻችን ሙግት ተሟጋቹ ዋስ ይጠራ ነበር። ዋስ የሚሆነው የሚያውቀው፣ ጠባዩን የሚመሰክርለት ሰው ነው። ዋስ ይጠራል እንጂ አይገዛም። የስፖንሰር ቅጽም በአማርኛ ሲተረጎም ዋስትና ማለት ነው። ታዲያ በቀብርና በሠርግ በእድር የምንረዳዳ ሕዝብ፣ በእቁብ ቤት የምንሠራ ሕዝብ፣ ይህን አንዱን ዋስትና ለምን ለገበያ ተውነው? መልሱ ኀፍረት ነው። ዘመድን በግልጽ ከመለመን ለደላላ በስውር መክፈል የሚቀል መስሎናል።

የሚሰነዘሩብኝን ሁለት ተቃውሞዎች አውቃለሁ። የመጀመሪያው «የተማረው ሁሉ እንዲሰደድ ኅብረቱ መንገድ ሊጠርግ ነውን?» የሚል ነው። አሳቡ ክብደት አለው፤ አንኮበር መምህርና ሐኪም ያስፈልጋታል። ነገር ግን ሰውን በአገሩ የሚያስቀረው ኑሮ እንጂ ወረቀት አለማወቅ አይደለም። መረጃ የነፈግነው ተማሪ አይቀርም፤ በዕዳ ይሄዳል ወይም ተታልሎ ይቀራል። ሁለቱም ለአገር አይጠቅሙም።

ሁለተኛው «በሩ ከተዘጋ ምን ያወያየናል?» የሚል ነው። እርግጥ በጥር 2018 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠት ለጊዜው እንደሚያቆም አስታውቋል። ምክንያት ያደረገውም ይህንኑ የመንግሥት ሸክም ጉዳይ ነው። እኔ በበኩሌ ይህ ማስታወቂያ ለመነጋገር የሚያስገድደን ይመስለኛል። በር ሲዘጋ «እኔ በጓሮ አስገባሃለሁ» የሚል ይበዛልና። ደግሞም ዋናው ጥያቄ ገንዘብ መሆኑ ከዚህ በላይ በምን ሊታወቅ ይችላል?

ስለዚህ ለኅብረቱ መሪዎችና ለመምህራኖቻችን የሚከተለውን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ኅብረቱ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚከፈት የመረጃ ጠረጴዛ ያቁም። ቅጾቹን በአማርኛ የሚያስረዳ፣ እያንዳንዱ ተማሪ የማረጋገጫ ቁጥሩን በራሱ እጅ እንዲይዝ የሚያስተምር፣ አምስት ሳንቲም የማያስከፍል ይሁን። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ።

ሁለተኛ፣ በውጭ አገር የሚኖሩ የቀድሞ ምሩቃን ፈቃደኞች ከሆኑ በመዝገብ ይያዙ። ስፖንሰር የሌለው ተማሪ ሲገኝ፣ ከሚያውቁት መምህራን የምስክርነት ደብዳቤ ጋር ለነርሱ ይጻፍ። የሚፈርመው ሰው ምን እንደሚፈርም በግልጽ ይነገረው፤ እምቢ ቢል አይወቀስ።

ሦስተኛ፣ በወር ጥቂት ብር እያዋጣን ለቃለ መጠይቅና ለሕክምና ምርመራ ብቻ የሚውል የብድር ሣጥን እናቋቁም። ተበዳሪው ሁለት ጓደኞቹን ዋስ ይጥራ። ይህ ሣጥን ለውጭ አገር ጉዞ ብቻ እንዳይሆን፣ አዲስ አበባ ለሥራ ፈተና የሚጠራ ምሩቅም የ130 ኪሎ ሜትሩን መንገድ የሚሸፍንበት ይሁን። እንዲህ ከሆነ የመጀመሪያው ተቃውሞ ግማሽ መልሱን ያገኛል።

በመጨረሻም አንድ ነገር አጥብቄ አሳስባለሁ። ኅብረቱ ለማንም የሐሰት ወረቀት አይጻፍ፤ የማያውቀውን ጋብቻና የሌለውን ገንዘብ አይመስክር። የአንድ ሰው ሐሰት ከኋላው የሚመጡትን የእውነተኞቹን ቃል ያረክሳልና። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ እውነተኛ ሲሆን ነው።

የኅብረቱ ሥራ አስፈጻሚ አሳቡን ተቀብሎ ወይም ነቅፎ በሚቀጥለው እትም መልስ እንዲሰጥበት በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የአራተኛ ዓመት ተማሪ
ደብረ ብርሃን