ተጽፎ የወጣ ቁጥር አይደመርም

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 5 ቀን 1992 በሰሜን ጀርመን፣ በሽሌስቪግ ሆልሽታይን ክልል የምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ። በዚያ አገር የምርጫ ሕግ አንድ ፓርቲ መቀመጫ እንዲያገኝ በመርህ ደረጃ ከድምፁ 5 በመቶ መድረስ አለበት። ማታ ከኮምፒውተር የወጣው ሠንጠረዥ አረንጓዴዎቹ 5.0 በመቶ እንዳገኙ አሳየ። ምክር ቤት ገቡ ተባለ፤ የመቀመጫ ድልድሉም በዚያው ተሠራ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ግን ትክክለኛው ውጤት 4.97 በመቶ መሆኑ ታወቀ። ፕሮግራሙ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ እንዲያትም ታዝዞ ስለነበር አጠጋግቶ 5.0 ብሎ ጽፎት ነበር። አረንጓዴዎቹ ከምክር ቤቱ ቀሩ፤ ሶሻል ዴሞክራቶቹም በአንድ መቀመጫ ብልጫ አብላጫውን ያዙ።

ኮምፒውተሩ ድምፁን በትክክል ቆጥሯል፣ በትክክልም አካፍሏል። ስህተቱ ሰው ሊያነበው የተጻፈውን ቁጥር ለውሳኔ ማዋሉ ላይ ነው። ብዙ ፕሮግራመር ቁጥርን ለአንባቢ ማዘጋጀትን የመጨረሻ ሰዓት ሥራ አድርጎ ያየዋል፤ ኮማ ማስገባት፣ ሁለት አሃዝ ማስቀረት፣ «ብር» ብሎ መጨረስ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ቁጥር ጽሑፍ የሚሆንበት ቦታ በፕሮግራሙ ውስጥ የታወቀ አንድ በር መሆን አለበት፤ በዚያ በር የወጣም ወደ ስሌት ተመልሶ መግባት የለበትም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ተጀምሮ በ1960 መግለጫው የወጣው ኮቦል፣ የባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቋንቋ፣ ይህንን ገና ከጅምሩ ያውቅ ነበር። በኮቦል ፕሮግራመሩ ለእያንዳንዱ መረጃ መልኩን ይሥልለታል፦ ስንት አሃዝ እንዳለው፣ ኮማው የት እንደሚገባ፣ ከፊት ያሉት ዜሮዎች ባዶ ይሁኑ ወይስ በኮከብ ይሞሉ። ኮከቡ ለቼክ ነው፤ ከቁጥሩ ፊት ክፍት ቦታ ከተተወ አንዱ መጥቶ አሃዝ ይጨምርበታል። ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ክልከላው ነው። ኮማና ኮከብ የገባበት መረጃ «የተሰናዳ ቁጥር» ስለሚባል የመደመሪያም ሆነ የማባዣ ትእዛዝ እንደ ተደማሪ ወይም እንደ ተባዢ አይቀበለውም። የስሌት ውጤት መቀበያ መሆን ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ወረቀት ላይ ይወጣል። ዛሬ ወጣቱ ኮቦል ሲባል ይስቃል፤ የሚስቅበት ቋንቋ ግን እሱ በየሳምንቱ የሚሠራውን ስህተት ገና ከመነሻው አይፈቅድም።

ድንበሩ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን የካናዳው የቫንኩቨር አክሲዮን ገበያ አይቶታል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1982 መለኪያውን ከ1,000 ጀመረ። ከእያንዳንዱ ግብይት በኋላ አዲሱ መለኪያ ይሰላል፤ ከነጥብ በኋላ ሦስት አሃዝ ብቻ ይቀርና የተረፈው ይቆረጣል፤ የተቆረጠው ቁጥር ደግሞ ለሚቀጥለው ስሌት መነሻ ይሆናል። በየጊዜው የሚጠፋው ነገር ከኢምንት ያነሰ ነው፤ ሆኖም ሁልጊዜ ወደ ታች ነው። ከ22 ወር በኋላ መለኪያው ወደ 520 ገደማ ወርዶ ተገኘ። በደንብ ሲሰላ ግን ከ1,098 በላይ ነበር። ገበያው አልወደቀም፤ የወደቀው የተጻፈው ቁጥር ነው።

ወደ እኛው ደረሰኝ እንምጣ። እያንዳንዳቸው 9.90 ብር የሆኑ ሦስት ዕቃዎች ተሸጡ። የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ስለሆነ የአንዱ ዕቃ ታክስ 1.485 ብር ነው። ግማሽ ሳንቲም ስለሌለ መስመሩ ላይ 1.49 ይታተማል። ሦስቱ መስመሮች ሲደመሩ 4.47 ይሆናሉ። ከታች ያለው ጠቅላላ ታክስ ግን ከ29.70 ብር ላይ በአንድ ጊዜ ሲሰላ 4.455 ነው፤ ተጠጋግቶ 4.46። ደንበኛው በስልኩ ቢደምር አንድ ሳንቲም ይበልጥበታል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋም ወር ሲዘጋ የማይገጥም ሒሳብ ይዛ ታመሻለች። መስመር በመስመር ማጠጋጋትም ሆነ በጠቅላላው ላይ ማጠጋጋት እንደ አሠራር ያስኬዳል። የማያስኬደው ጉዳዩን ሳያስቡበት ለማተሚያው ትእዛዝ መተው ነው። 1.49 በእርግጥ የሚሰበሰብ ገንዘብ ከሆነ ማጠጋጋቱ የስሌቱ አካል ነው፤ በስሌቱ ውስጥ፣ በግልጽ ደንብ ይሠራና የሚታተመው ያው ይሆናል። አታሚው ፋንክሽን በራሱ ሥልጣን ሳንቲም አይቆርጥም።

ይህን ሥራ ለአታሚው የተወ ሰው ሌላም ይገጥመዋል። ጃቫስክሪፕት 1.005ን በሁለት አሃዝ ጻፍ ቢሉት 1.01 ሳይሆን 1.00 ይጽፋል፤ በማሽኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ከ1.005 በጥቂቱ ያነሰ ነውና። ፓይተን 2.5ን ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋጋ ቢባል 3 ሳይሆን 2 ይላል፤ እኩል መሐል ላይ ሲሆን ወደ ተጋማሹ ቁጥር እንዲሄድ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ሁለቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ የታክስ ደንብ ግን አይደሉም። ስለዚህ ገንዘብን በሳንቲም፣ ሙሉ ቁጥር አድርጎ ማስቀመጥና ብርና ነጥብ የሚያስገባውን ፋንክሽን አንድ ብቻ ማድረግ ያዋጣል።

የተገላቢጦሹ ችግር፣ ጽሑፍ የሆነውን ነገር ቁጥር ነው ብሎ መያዝ፣ በየቢሮው አለ። የሠራተኞች ዝርዝር በኤክሴል ሲከፈት በዜሮ የሚጀምረው የስልክ ቁጥር ዜሮውን ያጣል። ረጅሙ የባንክ ሒሳብ ቁጥር በነጥብና በ10 ርቢ ተጨምቆ ይታያል። 16 አሃዝ ያለው መለያ ከሆነማ የመጨረሻው አሃዝ ወደ ዜሮ ይለወጣል፤ ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይይዝም፤ የጠፋውም አይመለስም። የሒሳብ ቁጥር በስሙ ቁጥር ተባለ እንጂ ማንም ደምሮት አያውቅም። በሥነ ሕይወት ሳይንስ ነገሩ ከዚህ ብሷል። «ማርች 1» እና «ሴፕት 2» የሚባሉ የሰው ዘረ መሎችን ኤክሴል ቀን ናቸው ብሎ ይለውጣቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት የኤክሴል የዘረ መል ዝርዝር ካያያዙት የምርምር ጽሑፎች አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳለባቸው አሳየ። በ2020 ስም አውጪው ኮሚቴ እጁን ሰጠና የዘረ መሎቹን ስም ቀየረ። ሶፍትዌር ተፈጥሮን ስሟን ያስለወጠበት አጋጣሚ ብዙ አይመስለኝም።

ቁጥርና የቁጥር ጽሑፍ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከግዕዝ አሃዝ በላይ የሚያስረዳ አላውቅም። ለሕንድ ወይም ለዓረብ አሃዝ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው አሥሩን ምልክቶች አንድ ለአንድ ቢተካ ይበቃዋል። በግዕዝ ይህ አይሠራም። ዜሮ የለም። ከ፩ እስከ ፱፣ ከ፲ እስከ ፺፣ ከዚያ ፻ እና ፼ ናቸው። 2007ን አሃዝ በአሃዝ የሚተካ ፕሮግራም ሁለቱ ዜሮዎች ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ወይም የዓረቡን ዜሮ መሐል ይሰነቅርበታል። ትክክለኛው ፳፻፯ ነው።

አሠራሩ ሲያዩት ያምራል። ቁጥሩ ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አሃዝ ሆኖ ይቆረጣል። 125030 ቢሆን 12፣ 50፣ 30 ይሆናል። እያንዳንዱ ጥንድ ወደ አሥርና አንድ ይለወጣል፦ ፲፪፣ ፶፣ ፴። የመጨረሻው ጥንድ ምልክት አይከተለውም፤ ከእሱ በስተግራ ያለው ፻፣ ቀጥሎ ያለው ፼ ይከተለዋል፤ እንዲህ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ውጤቱ ፲፪፼፶፻፴ ነው። ከዚያ ልዩ ሁኔታዎቹ ይመጣሉ፦ መቶ ፻ ብቻ ነው እንጂ ፩፻ አይባልም፤ ሚሊዮን ፻፼ ነው፤ በ፻ ቦታ ላይ ያለ ባዶ ጥንድ ከነምልክቱ ሲጠፋ በ፼ ቦታ ላይ ያለው ግን ምልክቱን ይተዋል። ይህ ደንብ ለድረ ገጽ በወጣው የሲኤስኤስ የቆጠራ ስልት መግለጫ ውስጥ በዝርዝር ስለሰፈረ ዛሬ አሳሾች ዝርዝርን በግዕዝ ይቆጥራሉ።

ወደ ኋላ መመለሱ ግን አደገኛ ነው። በፓይተን ፩ አሃዝ ነውን ተብሎ ቢጠየቅ አዎን ይላል። በዚያ ተማምኖ ወደ ቁጥር ለውጠው ቢባል ስህተት ብሎ ይቆማል። ዩኒኮድ ፩ን ዋጋው የታወቀ አሃዝ አድርጎ ቢመዘግበውም በአሥር ቤት ስሌት የሚደረደር አሃዝ አላደረገውም፤ ትክክልም ነው። ፲ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥያቄ እንኳ አያልፍም። የቅጽ መሙያ የሚጽፍ ሰው ይህን ካላወቀ ተጠቃሚው ቀኑን በግዕዝ በጻፈበት ዕለት ፕሮግራሙ ይወድቅበታል።

እንግዲህ ከሰው የተቀበልነውን ጽሑፍ ጨርሶ አናነብም ወይ? እናነባለን፤ ሰው «1,250» ብሎ ይተይባልና። ነገር ግን ንባቡ የራሱ በርና የራሱ ጥያቄ አለው፦ የማን አጻጻፍ ነው? አዲስ አበባ ላይ 1.250 አንድ ነጥብ ሁለት አምስት ነው፤ ፍራንክፈርት ላይ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ። ከጀርመን ገንዘብ የሚልክ ዘመድ በሚተይብበት ቅጽ ላይ ፕሮግራሙ አገሩን ሳያውቅ ቢገምት ሺህ እጥፍ ሊስት ይችላል። ለትንሽ ሱቅ ፕሮግራም ይህ ሁሉ ይበዛል የሚሉ አሉ። የሚጠየቀው አንድ የመጻፊያና አንድ የማንበቢያ ፋንክሽን ነው፤ በየገጹ ከተበተነ የኮማ ጨዋታ ያነሰ ኮድ።

ደንቤን የሚያስቸግረው አንድ ቦታ አለ፤ ቼክ። እ.ኤ.አ. በ1931 ጄኔቫ ላይ በጸደቀው የቼክ ሕግ በፊደልና በአሃዝ የተጻፈው ገንዘብ ሲለያይ በፊደሉ ያለው ይጸናል። እዚህ ላይ ጽሑፉ የቁጥሩ ጌታ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብን በፊደል የሚጽፈው ፋንክሽን ከሌላው ኮድ ሁሉ በላይ መፈተሽ አለበት። በንግግር «መቶ ብር» እንላለን፤ በግዕዝ አሃዝም ፻ ፊት ፩ አይገባም። ቼክ ላይ «መቶ ብር» ብሎ የሚጽፍ ፕሮግራም ግን ከፊቱ «ስድስት» የሚገባበት ቦታ ይተዋል። ስለዚህ «አንድ መቶ ብር ብቻ» ብሎ ይጽፋል፤ 1,500 ብር ከ50 ሳንቲምንም «አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ከ50/100» ብሎ፣ ከመስመሩ ግራ ጫፍ ጀምሮ።